የአያቴ ባርኔጣ፦ ከመስከረም እስከ ጥቅምት የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 8

ክረምቱ ሲወጣ በየዓመቱ እንደምናደርገው ዛሬ ጓዳ ያለውን የእንጨት ሳጥን ወደ ደጅ አውጥተን ከፈትነው። ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ሥር ስለሆንን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል፤ ዘንድሮ ደግሞ ከሳጥኑ በላይ ያለው ቆርቆሮ ሲያንጠባጥብ ከርሟል። ጋቢውና ነጠላው በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ተረፈ። ክዳኑ ሲነሣ የተቀበለን የሻጋታ ሽታ ከባርኔጣዎቹ ነው።

አምስት ናቸው። የአያቴ ግራጫ ቦርሳሊኖ፣ አጎቴ እርሻ ሲውል ያደርገው የነበረ የሰሌን ባርኔጣ፣ የአባዬ የቆዳ ኮፍያ፣ እማዬ ለብርድ የምታደርገው በእጅ የተሠራ የሱፍ ኮፍያ፣ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከው ከፊት ጥላ ያለው የጨርቅ ኮፍያ።

አባዬ ቦርሳሊኖውን አንሥቶ አገላብጦ አየውና መልሶ አስቀመጠው። በግራ በኩል ክፈፉ ወደ ታች ተንጋዷል፣ አናቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር ፈልቷል፣ ጥብጣቡ ሥር ጥቁር ቅባት አለ። «እኔ ላጽዳው» አልኩት። «ውሃ ውስጥ እንዳትነክረው» ብሎኝ ገባ።

መስከረም 9

ዛሬ ምንም አላጸዳሁም፤ አደረቅሁ። ሻጋታ እርጥብ ሆኖ ከተፈተገ ወደ ውስጥ ይሰማራል፣ ከደረቀ ግን ዱቄት ሆኖ ይራገፋል። ስለዚህ አምስቱንም በረንዳ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኛቸው ጥላ ሥር ዘረጋኋቸው። ጎረቤት ሁሉ «ፀሐይ ላይ አውጣው» ይላል። ፀሐይ ሻጋታን ይገድላል፤ ነገር ግን እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ በቀለም ላይ ጨካኝ ነው። መስኮት ዳር ሁለት ዓመት የተሰቀለ መጋረጃ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

ባርኔጣ ሲቀመጥ በክፈፉ አይቆምም፤ ይገለበጥና በአናቱ ይቀመጣል። የአያቴ ክፈፍ የተንጋደደው ለዓመታት በክፈፉ ተቀምጦ ላዩ ላይ ዕቃ ስለተጫነበት ነው።

መስከረም 11

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ የብሩሽ ሥራ ጀመርኩ። ለባርኔጣ ተብሎ የተሠራ ብሩሽ ፍለጋ ትናንት መርካቶ ውዬ አላገኘሁም። የጫማ ብሩሽ ግን አለ፤ ከፈረስ ፀጉር የተሠራ፣ ለስላሳ። ሁለት ገዛሁ፤ አንዱ ለጥቁርና ለደማቅ፣ ሌላው ለግራጫና ለነጣ ያለ። ሁለቱም ቀለም ነክቷቸው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ቡናማ የጫማ ቀለም የነካው ብሩሽ ግራጫ ሱፍ ላይ ካረፈ መመለሻ የለውም።

ደጅ ወጥቼ፣ አፍና አፍንጫዬን በማስክ ሸፍኜ፣ ቦርሳሊኖውን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ቦረሽኩት። የሱፉ ፀጉር የሚተኛበት መንገድ አለው። በጣት ሲዳስሱት በአንዱ በኩል ልዝብ ነው፣ በሌላው በኩል ይቋቋማል፤ ብሩሹ ልዝቡን ተከትሎ ይሄዳል። ነጩ ዱቄት በሦስተኛው ዙር ለቀቀ። ሥሩ ያለው ግራጫ እንደዚህ ያማረ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የውስጡን ቆዳ ስገለብጥ የወርቅ ጽሕፈቱ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ቀርቶ አየሁት። ቦርሳሊኖ ጣሊያን ውስጥ አሌሳንድሪያ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1857 የተቋቋመ ፋብሪካ ነው። አያቴ ይህንን ከፒያሳ የገዙት በ1950ዎቹ ማለቂያ እንደሆነ አባዬ ይናገራል፤ የመንግሥት ሥራ በያዙ በመጀመሪያው ዓመት። በእኛ ቤት «ቦርሳሊኖ» የፋብሪካ ስም መሆኑ ቀርቶ የባርኔጣው የራሱ ስም ሆኖ ኖሯል።

መስከረም 12

ትናንት ያላየሁትን ዛሬ በጠዋት ብርሃን አየሁት። ከጥብጣቡ ሥር ሱፉ በሦስት ቦታ ሳስቷል፤ አንደኛው ላይ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ነጭ ድር ተጣብቋል። ብል ነው።

የእማዬን የሱፍ ኮፍያ ፈትቼ ስመለከተው እሱ ደግሞ ወንፊት ሆኗል። ምንጩ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ማታ ማታ የምትበርረው ትንሿ ቢራቢሮ ራሷ አትበላም፤ የሚበላው ትሏ ነው፤ የሚበላውም ሱፍ፣ ፀጉርና ላባ ነው። ላብና ቅባት የነካው ቦታ ደግሞ ይበልጥ ይጥመዋል። ለዚህ ነው ከጥብጣቡ ሥር የጀመረው። ሰሌኑንና ጥጡን አልነካቸውም።

እማዬ ናፍታሊን እናድርግበት አለች። ሽታው ለሰውም ጤና ጥሩ አይደለም፣ ከሱፍም ቶሎ አይለቅም፤ አባዬ ደግሞ ይህንን ግንባሩ ላይ ሊያደርገው ነው። ሌላው መንገድ ቅዝቃዜ ነው። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት የቆየ ዕቃ ውስጥ እንቁላሉም ትሉም አይተርፍም። የእኛ ማቀዝቀዣ በረዶ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ የሰፈራችንን ባለሱቅ ሐጂን ፍሪዘር ለመንኳቸው። «ባርኔጣ ልታቀዘቅዝ?» ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁኝና ቦታ ለቀቁልኝ።

የቦርሳሊኖውን አናት በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሞላሁት፣ ካርቶን ውስጥ ገልብጬ አስቀመጥኩት፣ ካርቶኑን በሁለት ላስቲክ አጥብቄ አሸግኩ። የእማዬን ኮፍያ ለብቻው። እስከ መስከረም 27 አልነካቸውም።

መስከረም 13

የወንድሜ ኮፍያ። ይህ ቀላሉ ነው። ግንባሩ ላይ ካርታ የመሰለው ነጭ መስመር የላብ ጨው ነው፤ ላቡ ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል።

ከመንከር በፊት ጥላውን በጥፍር መታ መታ አደረግሁት። የቆዩ ኮፍያዎች ጥላቸው ውስጥ ካርቶን አለ፤ ድምፁ ድፍን ነው፣ ውሃ ከነካው ይቦካል፣ ቅርጹም አይመለስም። የአሁኖቹ ፕላስቲክ ናቸው። ይህ ፕላስቲክ ነው።

ለብ ባለ ውሃ፣ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ግንባር የሚነካውን የውስጥ ጨርቅ ብቻ ጠንከር አድርጌ ፈተግሁት፤ ጥልፉን አልነካሁትም። በረኪና ቤት ውስጥ ነበር፤ ግን አልተጠቀምኩም። በረኪና ቀለሙን ይበላል፣ የላብ ቢጫም በበረኪና ይብሳል እንጂ አይለቅም። መጭመቅም የለም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጫናል። ማድረቂያው ፊኛ ነው። የእህቴ ልጅ ፊኛውን ኮፍያው ውስጥ ነፋችልኝና ቅርጹን እንደያዘ በረንዳው ገመድ ላይ አሰርነው። እስኪደርቅ ከሥሩ አልተነሣችም።

መስከረም 14

ሐጂ ፍሪዘሩን ስላዋሱኝ እኔም አንድ ሥራ ልሥራላቸው ብዬ ለጁምዓ የሚያደርጉትን ነጭ ኮፍያ ተቀበልኳቸው። በቀጭን የጥጥ ክር በኪሮሽ የተሠራ ነው፤ ልብ ብሎ ላየው ሰው ስንት ቀን እንደፈጀ ያስታውቃል። ጥጥ ስለሆነ ሙቅ ውሃ ይችላል። አንድ ሰዓት በሳሙና ዘፍዝፌ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ፣ በቀጭኑ የተበጠበጠ ስታርች ውስጥ ነክሬ አውጥቼ፣ በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ወጥሬ አደረቅሁት። ማታ ስወስድላቸው ደረቅ ብሎ በራሱ ቆሟል። እንዳዩት የቀድሞውን አውልቀው እሱን አደረጉ።

መስከረም 17

መስቀል። ሥራ የለም።

ትናንት ደመራ ላይ ሽማግሌዎቹን ሁሉ ሳይ የነበረው ከአንገት በላይ ነው። ባርኔጣ ያደረጉት ችቦው ሲለኮስ አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙ። ማታ ቤት ገብቼ የዳግማዊ ምኒልክን ፎቶግራፍ አየሁ፤ ነጭ ሻሽ በራሳቸው ላይ፣ ከሻሹ በላይ ሰፊ ጥቁር ባርኔጣ። ከዚህ በፊት እንደ ጌጥ ብቻ ነበር የማየው። አሁን የባርኔጣ ቅባት ሳጸዳ ስለሰነበትኩ ሌላም ነገር ታየኝ። ሻሹ ላቡንና የራስ ቅቤውን ይይዛል፣ ሻሽ ደግሞ በየቀኑ ይታጠባል። ባርኔጣው ንጹሕ ሆኖ ይኖራል።

መስከረም 19

የሰሌኑ ባርኔጣ። አጎቴ አናቱን ከፊት ቆንጥጦ ነበር የሚያነሣው፤ እዚያው ቦታ ላይ ሁለት ጭረት ተሰብሮ ጫፉ ቀና ብሏል። ልለጥፈው ኮላ ይዤ ስቀርብ እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«ደረቁን ነው እንዴ የምትነካው?»

እማዬ ስፌት ትሰፋለች። መሶብ የሚሰፋ ሰው ስንደዶውንም አክርማውንም ሳያርስ አይነካም፤ ደረቁን ካጠፉት ይሰበራል። ሰሌንም ያው ነው አለችኝ። አጎቴ ይህንን ባርኔጣ ስድስት ዓመት ፀሐይ ላይ አደረገው፤ ሰሌኑ እርጥበቱ ሁሉ ወጥቶ እንደ ብስኩት ሆኗል። የተሰበረው በጣት ብቻ አይደለም፣ በድርቀቱ ነው።

ስለዚህ እንደ ስፌቷ አደረግነው። ነጭ ጨርቅ አርሳ በደንብ ጨምቃ ባርኔጣውን ሸፈነችው፤ መንከርም መርጨትም የለም። ግማሽ ሰዓት ቆይታ በጣቷ ስትጫነው ሰሌኑ ይታዘዛል። ያኔ በሌላ ጨርቅ አንድ ሁለት ጠብታ ሳሙና አድርጌ አቧራውን ጠረግሁ፤ ጨርቁ ሻይ መሰለ። የተሰበሩትን ጭረቶች እማዬ በመርፌ አፍ መልሳ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው፤ ከውስጥ በኩል በቀጭኑ ኮላ ቀባሁና የጨርቅ ቁራጭ ለጠፍኩበት። ከውጭ አይታይም።

ሙሉ ቀን በተደፋ ድስት ላይ ደረቀ። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ በጣም የወደድኩት ቀን ነው። ባርኔጣ ስለማጽዳት ስጠይቅና ሳነብ የሰነበትኩትን እማዬ በአክርማ ስታውቀው ኖራለች።

መስከረም 21

የቆዳ ኮፍያው። አጭር ሥራ። በረጠበ ጨርቅ አቧራውን አነሣሁ፣ ጥላ ውስጥ አደረቅሁ፣ ቀለም የሌለው የቆዳ ክሬም በትንሹ ቀባሁ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ በደረቅ ጨርቅ አወዛሁት። አንድ ዘመዳችን ለጋ ቅቤ ቀባው ቢለኝም እሺ አላልኩም። ቅቤ ለጊዜው ያለሰልሳል፤ በኋላ ይሻግታል፣ ሽታው ከቆዳው አይወጣም፣ አይጥም ይጠራል።

መስከረም 27

ዛሬ ፍሪዘሩ 15 ቀን ሞላው። በመካከል መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ሐጂ ክዳኑን ማንም እንዳይከፍት አድርገው ጠበቁልኝ። ካርቶኑን እንዳወጣሁት አልከፈትኩትም። በረዶ የሆነ ሱፍ ሙቅ አየር ካገኘ ውሃ ያዥበታል፤ ያ ውሃ ላስቲኩ ላይ ይቅር ብዬ እስከ ማታ እንደታሸገ ተውኩት።

ማታ ከፍቼ እንደገና ደጅ ላይ ቦረሽኩት። ድሩ እንደ አቧራ ተነሣ።

የእማዬ የሱፍ ኮፍያ ቀዳዳው በመርፌ የሚደረስበት አልሆነም። ፈትታ በሌላ ክር ቀጥላ እንደገና እሠራዋለሁ ብላለች። ብርድ ውሃ ውስጥ ብቻ አጥቤ ሰጠኋት። ሱፍ ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲገናኙበት ይሰበሰባል፤ የሱፍ ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለው፣ በሙቀትና በእሽት እርስ በርሱ ይቆላለፋል፣ ከተቆላለፈ አይፈታም። በስህተት ፈልቶ የልጅ ልክ የሆነ ሹራብ ያላየ ቤት የለም። ቦርሳሊኖም የተሠራው በዚሁ መቆላለፍ ነው፤ እዚያ ግን የጥንቸል ፀጉር ነው፣ ሆን ተብሎ፣ በልክ።

መስከረም 28

እንፋሎት።

ከመጀመሬ በፊት መስኮቱን ከፈትኩ፣ የላስቲክ ጓንት አደረግሁ። ምክንያት አለው። በድሮ ጊዜ ባርኔጣ ሠሪዎች የጥንቸል ፀጉር ቶሎ እንዲቆላለፍላቸው በሜርኩሪ ያርሱት ነበር። ሠራተኞቹ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጠባያቸው እየተለወጠ ይታመሙ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ዳንበሪ የምትባል የባርኔጣ ከተማ በዚሁ መንቀጥቀጥ ስሟ ተነሥቷል፤ አገሪቱም ይህንን አሠራር ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። የአያቴ ባርኔጣ ከዚያ በኋላ የተገዛ ቢሆንም አሮጌ ሱፍ በእንፋሎት ሲሠራ መስኮት መክፈትና ጓንት ማድረግ የሚያስከፍለው ነገር የለም። ከዚያ በፊት የተሠራ ባርኔጣ ያለው ሰው ግን ቤት ውስጥ በእንፋሎት ባይነካው እመክራለሁ።

በመጀመሪያ ቅባቱ። ትናንት ማታ ጥብጣቡ ሥር የበቆሎ ስታርች ነስንሼ አሳድሬው ነበር። ዱቄቱ ቅባቱን ጠጥቶ ቢጫ ሆኖ አደረ። ቦረሽኩ፣ ደገምኩ። ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም፣ ግን ጥቁር የነበረው ጥላ ብቻ ሆኗል። አልኮል ሞክር ያለኝ ሰው ነበር፤ አልኮል ባርኔጣ ላይ ጠላት ነው። ሱፉን ደረቅ አድርጎ የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ ሼላክ ነው፤ አናጺዎች በአልኮል አሟሟተው ዕቃ የሚቀቡት። አልኮል የነካው ቦታ ይልማል፣ እድፍም ያወጣል።

ከዚያ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ። እኛ ጋ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፤ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል። የተንጋደደውን ክፈፍ ከአፉ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ እያዞርኩ አሞቅሁት። ሱፉ ሲለሰልስ በእጅ ይታወቃል። ቀስ ብዬ ወደ ላይ አጠፍኩ፣ ያዝኩ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። በአንድ ጊዜ አልሆነም፤ አራት ጊዜ ደጋገምኩ። በአራተኛው ክፈፉ ከቀኙ ጋር እኩል ቆመ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ጥፋት ነው። የውስጡን ቆዳ በረጠበ ጨርቅ ጠረግሁት፤ ጨርቁ ከሚገባው በላይ ረጥቦ ነበር። ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ ቆዳውን ወደ ውጭ ገልብጬ የበረንዳው ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። ለአምስቱም ጥላ ስመርጥ የሰነበትኩት ሰው! ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ቆዳው ከኋላ በኩል ተኮማትሮ ከሱፉ ጋር የያዘው ክር ሁለት ቦታ በጥሷል። ባርኔጣው ወደ ውስጥ ተጠብቧል። ለአባዬ ወዲያው ነገርኩት። ዝም ብሎ አየው። «በክር ይያዛል» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም።

መስከረም 30

ሁለት ቀን የቆዳውን ጥፋት ሳስተካክል ቆየሁ። በክሬም ብቻ፣ ውሃ ሳይነካው፣ በጣት ጫፍ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ትንሽ ሲለሰልስ ጋዜጣ ጠቅልዬ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ (የጋዜጣ ቀለም ቆዳ ላይ ይለቃል) ውስጡ ወጠርኩት፤ በየማታው አንድ ገጽ እየጨመርኩ። ዛሬ ወደ ልኩ ቀርቧል። የኮማተረው ቦታ ግን መጨማደዱ ቀርቷል፤ አይጠፋም።

የተበጠሰውን ለመስፋት ሰፈራችን ያሉ ጫማ አዳሽ ዘንድ ወሰድኩት። አዲስ ቀዳዳ እንዳይበሱ ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ በአሮጌው ቀዳዳ ብቻ» ስላቸው መነጽራቸውን አድርገው በዓይናቸው ቆጠሩ፤ በእያንዳንዱ አሮጌ ቀዳዳ መርፌ አስገብተው ጨረሱት። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ በግድ የሻይ ሰጠኋቸው።

ጥቅምት 4

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የአናቱ ፊት፣ በግራና በቀኝ የሚቆነጠጥበት ቦታ ላይ ሁለት ጠቆር ያሉ ምልክቶች አሉ፤ በአንድ በኩል አውራ ጣት፣ በሌላው ሁለት ጣት። የእጅ ቅባት ነው፤ የብዙ ዓመት። ስታርቹን ይዤ ተቀመጥኩ።

አባዬ አጠገቤ ነበር። ጣቶቹን ምልክቶቹ ላይ አኖረና ልኩን አየ። «ይሄ እድፍ አይደለም። የአባቴ እጅ ነው፤ ተወው» አለኝ።

ስታርቹን መልሼ ከደንኩት። ቅባት ሱፍ እንደሚጎዳ፣ ብልም እንደሚጠራ አውቃለሁ። ስለዚህ አልፋቅሁትም፣ ግን በየወሩ እየቦረሽኩ እንድጠብቀው ከራሴ ጋር ተስማማሁ።

ጥቅምት 6

አቀማመጥ። ሳጥኑን ጠርገን ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታነው (ሳጥኑ ይችላል)፣ ቆርቆሮውም ተደፈነ። ባርኔጣዎቹ ግን ወደ ሳጥኑ አይመለሱም። ከቁም ሳጥኑ በላይ ሦስት የካርቶን ቤት ሠራሁላቸው፤ እያንዳንዱ ተገልብጦ፣ አናቱ በነጭ ጨርቅ ተሞልቶ፣ ካርቶኑ በጎኑ ተበስቶ አየር እንዲያገኝ። በላስቲክ አልሸፈንኩም፤ ክረምት ላይ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል። እማዬ የጥድ ፍቅፋቂ በጨርቅ ቋጥራ ጨመረችበት። ጥድ የገባ ብል አይገድልም፤ ሽታው ጥሩ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ብል የሚከለክለው በየወሩ ማውጣት፣ ማራገፍና ማየት ነው። የሞባይሌ መቁጠሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ወር መጀመሪያ አስመዝግቤዋለሁ።

ጥቅምት 9

እሑድ። አባዬ ጠዋት ግራጫ ኮቱን ለብሶ ቦርሳሊኖውን ጠየቀኝ። ሁለቱን እጆቼን ከፊትና ከኋላ ክፈፉ ላይ አድርጌ አቀበልኩትና እንዲህ እንዲይዘው አሳየሁት፤ ሱፉ የሚሰነጠቀው ሲቆነጠጥ ነው አልኩት። «እሺ» አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሐጂ ሱቃቸው በር ላይ ነጩን ኮፍያ አድርገው ቆመዋል። አባዬ እንዳያቸው ቀኝ እጁን አነሣ፤ አውራ ጣቱ በግራው ምልክት፣ ሁለቱ ጣቶቹ በቀኙ ላይ ዐረፉ። ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እጅ ነሣቸው።